«እንግዳው ማነው?»፦ የትንሽ ከተማ የማንነት ስሕተት ኮሜዲ ከቻፕሊን ፊልም እስከ ቡሬ ጎዳና

ፍኖተ ሰላም፦ በአንዲት ትንሽ ከተማ መናኸሪያ አንድ እንግዳ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ቦርሳ ይዟል፤ ብዙም አይናገርም። ከተማዋ በዚያው ሰሞን ከበላይ የሚላክ አንድ ሰው እየጠበቀች ነበርና የሻይ ቤቱ ደንበኞች እርስ በርስ ተያይተው «እሱ ነው» ይባባላሉ። እንግዳው አልጋ ሳይዝ ወሬው ቀድሞት ከተማዋን ያዳርሳል። ማታ እራት የሚጋብዘው አያጣም፤ በማግሥቱ ደግሞ አቤቱታ ያለው ሁሉ ደጁን ይጠናል። ሰውየው ግን የሚጠበቀው ሰው አይደለም። ገንዘብ ያለቀበት መንገደኛ ነው፤ ወይም ከእስር ያመለጠ፤ ወይም ከነገሩ ሁሉ የሌለበት እንጨት ቆራጭ።

ይህ ታሪክ በዓለም መድረኮችና ፊልሞች ላይ በብዙ መልክ ተሠርቷል። የማንነት ስሕተት ኮሜዲ የሚባለው የሳቅ ዘውግ ማለት ነው። በዚህ ዘውግ አንድ ሰው በሌላ ሰው ተተክቶ ይታያል፤ የድርሰቱ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ ተመልካቹ ግን እውነቱን ከመነሻው ያውቃል። ዕድሜውም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ነው። ጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፌ ተውኔት ፕላውቱስ መንትያ ወንድማማቾች በአንድ ከተማ ውስጥ እየተምታቱ ሰውን ግራ የሚያጋቡበትን ተውኔት ጽፏል። እንግሊዛዊው ሼክስፒር ያንኑ ታሪክ ወስዶ መንትዮቹን ሁለት ጥንድ በማድረግ «የስሕተቶች ኮሜዲ» የተባለውን ሥራ ሠርቷል። ሲኒማ ሲመጣም ዘውጉ ከመድረክ ወደ ሸራ ተሻገረ።

ዘውጉ የሚቆምባቸው ምሰሶዎች

በዚህ ዘውግ የተሠሩ ሥራዎች በአገርና በዘመን ቢለያዩም አካሄዳቸው ተቀራራቢ ነው። መጀመሪያ፣ ከተማዋ የምትጠብቀው ሰው ይኖራል፤ ተቆጣጣሪ፣ ሐኪም፣ ሰባኪ ወይም ሹም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከተማዋ የምትደብቀው ወይም አጥብቃ የምትሻው ነገር አላት። ሦስተኛ፣ እንግዳው ብዙ ጊዜ ራሱ አይዋሽም፤ የሚዋሹለት የከተማዋ ሰዎች ናቸው። እርሱ ዝም ሲል «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» ይላሉ፤ ሲቆጣ «ሹም ነው እንጂ» ይላሉ፤ ሲክድ ደግሞ «ማንነቱን መደበቁ ነው» ብለው ይበልጥ ያምናሉ። አራተኛ፣ እንግዳው የተሰጠው ክብር ይጥመውና ከስሕተቱ መውጣት ይሳነዋል። በመጨረሻም አንድ ደብዳቤ፣ አንድ የድሮ ወዳጅ ወይም እውነተኛው ሰው ራሱ ደርሶ መጋረጃውን ይገልጠዋል።

የሳቁ ምንጭ እንግዳው ብቻ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። እንግዳው እንደ መስተዋት ነው። ከተማዋ በእርሱ ውስጥ የምታየው የራሷን ፍርሃትና የራሷን ምኞት ነው። ፈሪው የሚፈራውን ያይበታል፤ ተስፈኛው ደግሞ የሚመኘውን።

ቻፕሊን በሰባኪ ልብስ

የዘውጉ ጥሩ የፊልም ምሳሌ ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ በ1923 የሠራው «ዘ ፒልግሪም» ወይም «ተሳላሚው» የተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ታሪኩ ግን ሙሉ ነው። ከእስር ቤት ያመለጠ አንድ ሰው፣ ወንዝ ውስጥ ይዋኝ የነበረ ሰባኪ ያወለቀውን ልብስ አንሥቶ ይለብሳል። ባቡር ተሳፍሮም በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ይደርሳል። በጣቢያው የከተማዋ ሕግ አስከባሪ ቆሞ ሲያየው ሊያስረው የመጣ መስሎት እጆቹን ለካቴና ያቀርባል። የቆመው አቀባበል ግን ለእስር አልነበረም። የከተማዋ ምእመናን አዲስ ሰባኪ እየጠበቁ ነበርና በደስታ ይቀበሉታል።

ቀጥታ ወደ ቤተ ጸሎት ይወስዱታል፤ ስበክ ይሉታል። ሰውየው የሚያውቀው ስብከት የለም። ስለ ዳዊትና ጎልያድ ግን ሰምቷልና ታሪኩን በእጁና በእግሩ፣ በዝላይና በወንጭፍ ምልክት ይተውነዋል። አንድ ሕፃን ብቻ በደስታ ያጨበጭባል፤ ሰባኪውም እንደ ተዋናይ ደጋግሞ እጅ ይነሣል። ባረፈበት ቤት ደግሞ አንዲት ባልቴትና ልጇ ይኖራሉ። የቤት ዕዳቸውን ለመክፈል ያስቀመጡትን ገንዘብ የድሮ የእስር ቤት ጓደኛው ሲሰርቃቸው፣ ሐሰተኛው ሰባኪ ተከታትሎ ገንዘቡን ያስመልስላቸዋል። የሰባኪ ሥራ የሠራው ያን ጊዜ ነው።

ማንነቱ ሲታወቅ ሕግ አስከባሪው ይዞት ወደ ሜክሲኮ ድንበር ይሄዳል። መልካም ሥራውን አይቷልና ሊለቀው ፈልጎ ከድንበሩ ማዶ ያሉትን አበቦች ልቀምልኝ ብሎ ይልከዋል። ሰውየው ግን አበባውን ለቅሞ በታማኝነት ይመለሳል። በመጨረሻ ሕግ አስከባሪው በእርግጫ ገፍቶ ያሻግረዋል። በዚያ ማዶ ደግሞ ሽፍቶች ተኩስ ከፍተው ይጠብቁታል። ፊልሙ የሚያበቃው ሰውየው አንድ እግሩን በአንዱ አገር፣ አንዱን በሌላው አድርጎ ድንበሩን እየረገጠ ሲሮጥ ነው። ለአንዱም ወገን ያልሆነ፣ ማረፊያ ያጣ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ቻፕሊን ወደዚህ ሐሳብ ደጋግሞ ተመልሷል። እ.ኤ.አ በ1931 በቀረበው «የከተማ መብራቶች» ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ደሀውን ሰው ሀብታም አድርጋ ትገምተዋለች። እ.ኤ.አ በ1940 በወጣው «ታላቁ አምባገነን» ደግሞ ምስኪኑ ፀጉር አስተካካይ መልኩ ከአምባገነኑ ጋር በመመሳሰሉ በእርሱ ቦታ ቆሞ ለሕዝብ ይናገራል።

የጎጎል ከተማና የተቆጣጣሪው ፍርሃት

የትንሽ ከተማ የማንነት ስሕተት ሲነሣ ቀድሞ የሚጠቀሰው ግን ሩሲያዊው ኒኮላይ ጎጎል ነው። በአማርኛ «ዋናው ተቆጣጣሪ» ተብሎ የሚጠራው ተውኔቱ እ.ኤ.አ በ1836 በሴንት ፒተርስበርግ ሲታይ ንጉሡ ቀዳማዊ ኒኮላይ ራሱ በአዳራሹ ተገኝቶ ነበር። ተውኔቱ ኋላ ላይ በብዙ አገሮች ወደ ፊልም ተመልሷል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ በ1949 ዳኒ ኬይን ዋና ተዋናይ አድርገው ሠርተውታል፤ በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ሊዮኒድ ጋይዳይ እ.ኤ.አ በ1977 ለፊልም አብቅቶታል።

የታሪኩ አካሄድ እንዲህ ነው። የአንዲት ሩቅ ከተማ ከንቲባ ከዋና ከተማ ተቆጣጣሪ ማንነቱን ደብቆ እየመጣ መሆኑን ይሰማል። ሹማምንቱን ሰብስቦ ቶሎ አስተካክሉ ይላቸዋል። የሆስፒታሉ ሕመምተኞች ንጹሕ ልብስ እንዲለብሱ፣ በፍርድ ቤቱ መግቢያ የሚርመሰመሱት ዝይዎች እንዲነሡ ይታዘዛል። ዳኛው ጉቦ የሚበላው በገንዘብ ሳይሆን በአደን ውሾች ቡችሎች ስለሆነ እንደ ጉቦ አይቆጥረውም። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ የሰውን ደብዳቤ እየከፈተ ያነባል። በዚህ መካከል ሁለት ወሬኛ ባለርስቶች በእንግዳ ማረፊያው የሚበላበትን የማይከፍል አንድ ወጣት አይተው «ተቆጣጣሪው እርሱ ነው» ብለው ይመጣሉ።

ወጣቱ ኽሌስታኮቭ ይባላል። በቁማር የተበላ ተራ ጸሐፊ ነው። ከንቲባው ሊጎበኘው ሲመጣ ስለ ዕዳው ሊያስረው የመጣ ይመስለዋል። ሁለቱም ይፈራራሉ፤ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ይነጋገራሉ። ከዚያ ወዲያ ሹማምንቱ ተራ በተራ እየገቡ «ብድር» ይሰጡታል። የእኛ አገር ሰው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ዓይነት ነው። መጠጡ ሲበረታም ኽሌስታኮቭ የሌለውን ማዕረግ ይደረድራል፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ። የከንቲባውንም ልጅ ለጋብቻ ጠይቆ በፈጣን ሠረገላ ይሄዳል። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤውን ከፍቶ እውነቱን ባወቀበት ሰዓት እውነተኛው ተቆጣጣሪ መድረሱ ይነገራል። ሁሉም ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ፤ መጋረጃውም ይወርዳል።

እንበልና ይህ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ ቢከናወን፣ ለማስማማት ብዙ ድካም አይጠይቅም። ዝይዎቹ በግቢው ውስጥ የሚግጡ በጎች ይሆናሉ። ከመንገድ ዳር ያለው የሠርቶ ማሳያ ማሳ በአንድ ሌሊት ታርሞ ያድራል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ግን እንደ አረሙ ይቀራል፤ የጎብኚ መኪና ወንዝ አይሻገርምና። በመጋዘኑ በር ላይ የማዳበሪያ ተረኞች ዝርዝር አዲስ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይለጠፋል። እንግዳው «ይህ በቆሎ መቼ ተዘራ?» ብሎ ቢጠይቅ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ መልስ ይሰጠዋል፤ አምስቱም መልስ ይለያያል።

እንጨት ቆራጩ ሐኪም

የጎጎል ተውኔት ፍርሃትን ሲያሳይ የፈረንሳዊው ሞሊዬር ተውኔት ተስፋን ያሳያል። እ.ኤ.አ በ1666 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ሥራ በአገራችን በደንብ ይታወቃል። ጸሐፌ ተውኔትና ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «የፌዝ ዶክተር» በሚል ርዕስ ወደ አማርኛ መልሶታል።

ስጋናሬል የተባለ እንጨት ቆራጭ ሚስቱን ይመታል። ሚስቱም ልትበቀለው ስታስብ፣ ለጌታቸው ልጅ ሐኪም የሚፈልጉ ሁለት አገልጋዮች ያገኟታል። እርሷም «እዚያ ጫካ ውስጥ እንጨት የሚቆርጠው ሰው ታላቅ ሐኪም ነው፤ ግን ጠባዩ ክፉ ስለሆነ ካልተመታ ሐኪምነቱን አያምንም» ትላቸዋለች። አገልጋዮቹ በትሕትና ይጠይቁታል፤ ይክዳል። ዱላ ያነሣሉ፤ ጥቂት ከተመታ በኋላ «አዎን፣ ሐኪም ነኝ» ይላል። ልብ በቀኝ፣ ጉበት በግራ እንደሆነ ሲናገር አንዱ ተጠራጥሮ ቢጠይቀው፣ ድሮ እንደዚያ ነበረ፤ አሁን ግን ቀይረነዋል የሚል መልስ ይሰጣል። ሕመምተኛዋ ልጅ ደግሞ በእውነት ዲዳ አይደለችም፤ የማትፈልገውን ባል እንዳታገባ ስትል ነው ዝም ያለችው። ስለዚህ ሐሰተኛው ሐኪም ሐሰተኛውን ሕመም ያድናል።

የዚህ ተውኔት ትምህርት ለገጠር ሰው ቅርብ ነው። የታመመ ልጅ ያለው አባት ሐኪም ነው የተባለውን ሁሉ ያምናል። ችግር የጸናበት ሰው መጠየቅ ይፈራል፤ ምክንያቱም ጥያቄው ተስፋውን ያሳጣዋል። እ.ኤ.አ በ1965 የተሠራው የህንዱ «ጋይድ» ፊልም ይህንኑ በሐዘን መልክ አሳይቶታል። ከእስር የወጣ ሰው በአንድ መንደር ባሕታዊ መስሎ ይታያል፤ ድርቅ ሲጠና የመንደሩ ሰዎች ዝናብ እንዲወርድ ይጾምልናል ብለው ያምናሉ፤ እርሱም መጨረሻ ላይ የሰጡትን ማንነት እውነት ሊያደርገው ይሞክራል።

ሰምና ወርቅ፣ አንተና አንቱ

ይህ ዘውግ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ስማቸው በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ሰምን ከወርቅ መለየት ነው። በላይ የሚሰማው አንድ ነው፤ በውስጥ ያለው ሌላ። የማንነት ስሕተት ኮሜዲም ሰው የለበሰ ሰምና ወርቅ ነው ማለት ይቻላል። የከተማዋ ሰዎች ሰሙን ብቻ ያያሉ፤ ተመልካቹ ወርቁን ይዞ ይስቃል።

የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ለዚህ ዘውግ የተመቸ ነው። ያልታወቀው መንገደኛ ሲገባ «አንተ» ይባላል፤ ትልቅ ሰው ነው ሲባል በአንድ ጊዜ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ይሆናል። «መጣ» የተባለው «መጡ» ይባላል፤ «ብላ» የተባለው «ይብሉ» ይባላል። ተዋናዩ ልብሱን ሳይቀይር ግሡ ብቻ ተቀይሮ ሰውየው ሹም ይሆናል። እውነቱ ሲወጣም «አንቱ» ተመልሶ «አንተ» የሚሆንበት ቅጽበት አለ፤ በደንብ የተጻፈ የአማርኛ ኮሜዲ ከዚያች አንዲት ቃል ትልቁን ሳቅ ሊያወጣ ይችላል።

በአገራችን የዘመናዊ ተውኔት ጅማሬም ከማንነት መቀያየር ጋር የተያያዘ ነው። በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» እንስሳትን እንደ ሰው እያናገረ የሹማምንትን ጠባይ አሳይቷል። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም የሚባለው የ1957 ዓ.ም ሥራም በርዕሱ ስለ ማንነት ይጠይቃል፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላልና።

ከመድረክ ውጭ የሆኑ እውነተኛ ታሪኮች

ይህ ሁሉ የደራሲ ፈጠራ ብቻ የሚመስለው ካለ ታሪክን መመልከት ይችላል። እ.ኤ.አ ጥቅምት 16 ቀን 1906 በጀርመን በርሊን አቅራቢያ ቪልሄልም ፎይግት የተባለ ጫማ ሠሪ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች የገዛውን የሻምበል ልብስ ለብሶ ከመንገድ ያገኛቸውን ወታደሮች ተከተሉኝ አለ። ተከተሉት። በባቡር ወደ ኮፐኒክ ከተማ ወስዷቸው ከንቲባውን አሰረ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ግምጃ ቤት ከ3,500 ማርክ በላይ ወሰደ፤ ደረሰኝም ፈርሞ ሰጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተይዞ አራት ዓመት ቢፈረድበትም ንጉሡ ምሕረት አድርጎለት እ.ኤ.አ በ1908 ተፈታ። ታሪኩ ተውኔት ሆነ፤ እ.ኤ.አ በ1956 ደግሞ የታወቀ ፊልም ሆነ። ከሳቁ ሥር ያለው ግን መራራ ነው። ፎይግት ቀድሞ የታሰረ ሰው በመሆኑ የመኖሪያ ፈቃድ የለህም ተብሎ ሥራ፣ ሥራ የለህም ተብሎ ፈቃድ የተከለከለ ሰው ነበር። በራሱ ስም የዘጉበትን በር በሻምበል ልብስ ከፈቱለት።

የአገራችን ስም የተነሣበትም አለ። እ.ኤ.አ የካቲት 7 ቀን 1910 ስድስት እንግሊዛውያን ወጣቶች የሐበሻ መሳፍንትና አጃቢዎቻቸው ነን ብለው ድሬድኖት የተባለውን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ታላቅ የጦር መርከብ በክብር ጎበኙ። ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ሐሰተኛ ጺም ለጥፈው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ በኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ ተብላ የታወቀችው ደራሲ ናት። የባሕር ኃይሉ ሰዎች የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሊያገኙ ስላልቻሉ የዛንዚባርን ሰቀሉ፤ «መሳፍንቱም» ልዩነቱን አላስተዋሉም። ቀልዱ የተመዘገበው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ላይ ነው። ነገር ግን አንድ እውነተኛ ኢትዮጵያዊ ምን እንደሚመስልና ምን እንደሚናገር የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ለእኛ አንባቢ ሌላ ትርጉም ይሰጣል።

ሁሉም የማንነት ስሕተት ግን በሳቅ አያልቅም። በ1599 ዓ.ም በጎጃም ጎል በተባለ ቦታ ዐፄ ሱስንዮስ ዐፄ ያዕቆብን ድል አደረጉ፤ ያዕቆብም በጦርነቱ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ በትግራይ በኩል «ያዕቆብ እኔ ነኝ፤ አልሞትሁም» የሚል ሰው ተነሣ። ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ይታይ ነበር፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ በጦርነቱ ፊቴ ቆስሏል ይል ነበር። ብዙ ተከታይም አገኘ። መጨረሻው ግን ሞት ሆነ። የሞተውን ንጉሥ የሚናፍቅ ሕዝብ የተሸፈነ ፊት ሲያይ የናፈቀውን ፊት ከጨርቁ ሥር እንደሚያይ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

በቡሬና በደብረ ማርቆስ የሆነው

ወደ ምዕራብ ጎጃም ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ ደግሞ የ1933 ዓ.ም ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት በጎጃም በኩል ሲመለሱ አብሯቸው የነበረው፣ በእንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው ጦር ጌዴዎን የሚል ስም ነበረው። ስሙ የተወሰደው በመጽሐፍ ቅዱስ በጥቂት ሰዎች፣ በቀንደ መለከትና በችቦ ብዙ ሠራዊት ካሸበረው መስፍን ነው። የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች የነበሩበት ይህ ጦር ከሁለት ሺህ አይበልጥም ነበር፤ በጎጃም የነበረው የጣልያን ጦር ግን ብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር። ጥቂቱ ጦር ሌሊት ሌሊት ከተለያየ አቅጣጫ እየተኮሰ ብዙ መስሎ ታየ። በየካቲት መጨረሻ 1933 ዓ.ም ጣልያን ቡሬን ለቅቆ በደንበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ።

ደብረ ማርቆስ ከተያዘች በኋላም አንድ እውነተኛ የኮሜዲ ትዕይንት ተከናወነ። ወደ ዓባይ መሻገሪያ የሚሄደው የስልክ መስመር አልተቆረጠም ነበር። በመሻገሪያው የነበሩት ጣልያኖች ሲደውሉ፣ ጣልያንኛ የሚችለው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ የወገናቸው ሰው መስሎ ስልኩን አነሣና ታላቅ ጦር እየመጣባቸው መሆኑን ነገራቸው። አመኑት። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ይህ ማታለል የሠራው ግን በብልጠት ብቻ አልነበረም። እንደ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ያሉ የጎጃም አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን እረፍት ነሥተውት ነበር። ጣልያን ከየጥሻው ጦር የታየው፣ በእርግጥም ከየጥሻው የሚተኮስበት ስለነበረ ነው። በዚህም ታሪክ እንግዳው የከተማዋ መስተዋት ነበር፤ ፈሪው ያየው የራሱን ፍርሃት ነው።

ለምን ትንሽ ከተማ?

ደራሲዎች ይህን ታሪክ በትልቅ ከተማ የማያደርጉት በምክንያት ነው። በትልቅ ከተማ እንግዳ አይቆጠርም። በትንሽ ከተማ ግን ሁሉም ይተዋወቃል፤ መግቢያው አንድ መንገድ ነው፤ የተሻለ አልጋ ያለበት ሆቴል አንድ ወይም ሁለት ነው። ወሬ ከእግር ይፈጥናል። ሰውን በዘሩ፣ በአገሩና በሥራው ለይቶ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ሲያጋጥመው ባዶውን ቦታ በግምት ይሞላዋል።

እንግዳ ተቀባይነትም የራሱ ድርሻ አለው። በገጠር የመሸበትን እንግዳ ገና በር ላይ ሳለ «ማነህ? መታወቂያህን አምጣ» ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ እግሩን ይታጠባል፤ ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ «ከወዴት ነዎት?» ይባላል። ይህ ጨዋነት የሕዝብ ጌጥ ነው፤ ለአታላይ ደግሞ የተከፈተ በር ነው። ለዚህ ነው አንዱ አባባል ደግነትን ሲያስተምር ሌላው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው።

ሳቁ ሲያበቃ

ዛሬ እንግዳው በአውቶቡስ ብቻ አይመጣም፤ በስልክም ይመጣል። ሽልማት ደርሶዎታል የሚል ድምፅ፣ የታወቀ ሰው ፎቶ የለጠፈ የፌስቡክ ገጽ፣ ከመሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው የሚል ጥሪ ሁሉ የዚሁ ዘውግ ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱ የሚስቅ ተመልካች የሌለ መሆኑ ነው።

በማሳ ላይም የማንነት ስሕተት አለ። የዲቃላ በቆሎ ዘር ከዘር ብዜት ወጥቶ ሲመጣና ከተራ ማሳ ተሰብስቦ ቀለም ተቀብቶ ሲመጣ በዓይን አንድ ይመስላል። ሁለተኛው ተዘርቶ ቢበቅልም ምርቱ ይቀንሳል፤ አርሶ አደሩ እውነቱን የሚያውቀው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በኮሜዲው ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ስሕተት በማሳው አንድ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ዘር ሲገዛ የዝርያው ስም፣ የምድብ ቁጥሩና የፍተሻ ቀኑ የተጻፈበትን መለያ ማየት፣ ደረሰኝ መቀበልና ማስቀመጥ ይገባል። ከመዘራቱ በፊትም 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየጠበቁ ለ7 ቀን ያህል አቆይቶ የበቀለውን መቁጠር ይቻላል። ይህ ፍተሻ ዘሩ ሕይወት እንዳለው ይነግራል፤ ዝርያው ማን እንደሆነ ግን አይነግርም። ማንነቱን የሚናገሩት መለያውና የሻጩ ደረሰኝ ናቸው።

ወደ ጎጎል ከተማ ስንመለስ ከሳቁ መካከል ብዙ ተመልካች ልብ ሳይለው የሚያልፍ አንድ ትዕይንት አለ። ኽሌስታኮቭ ከመሄዱ በፊት የከተማዋ ነጋዴዎችና ድሆች አቤቱታቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዲት ሴት ባሌን ያለ አግባብ ለውትድርና ወሰዱብኝ ትላለች፤ ሌላዋ ያለ ጥፋቴ ተገረፍሁ ትላለች። የሚናገሩት እውነት ነው። የተሳሳቱት በሰሚው ብቻ ነው። ኽሌስታኮቭ ከነጋዴዎቹ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ሴቶቹን እሺ እሺ ብሎ ያሰናብታል፤ በኋላም የሰው ብዛት ሰልችቶት መስኮቱን ያዘጋል። ከዚያም ይሄዳል።

መጋረጃው የሚወርደው እውነተኛው ተቆጣጣሪ መድረሱ ሲነገር ነው። ከንቲባው ደርቆ ሲቆም አዳራሹ ይስቃል። እነዚያ ሁለት ሴቶች ግን በዚያ መጨረሻ ትዕይንት ውስጥ የሉም። አቤቱታቸውን አንድ ጊዜ ተናግረዋል፤ እንደገና ለመናገር ከቤታቸው ይወጡ ወይም አይወጡ እንደሆነ ተውኔቱ አይነግረንም።